የሔግ የመጀመሪያዋ ቀን፤ ያውም በተሳሳተ ትራም

ሰሞኑን አንዲት የወዳጄ ልጅ ለትምህርት ወደ አውሮፓ የምትሄድበት ቪዛ ወጥቶላት ልትሰናበተኝ መጣች፡፡ ሻይ እየጠጣን «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ እንዴት እንደማሳልፍ ይንገሩኝ፤ ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ» አለችኝ፡፡ ጥያቄዋን ወደድኩት፡፡ እውነትም ሰው በማያውቀው አገር ከተማ ውስጥ የሚደናበረው በመጀመሪያው ቀን ነው፡፡ በሁለተኛው ቀን ቢያንስ ዳቦ ቤቱን ያውቃል፡፡ ለእሷ በቃል የነገርኳትን እነሆ ለእናንተም በጽሑፍ ላቅርብ፡፡

እንዳትታለሉ፤ መካሪ ያደረገኝ ብዙ መዞሬ አይደለም፡፡ ከዚያ በፊት ከአገር የወጣሁት ከልዑካን ጋር ብቻ ነበር፡፡ በልዑካን የሄደ ሰው ደግሞ ሄደ አይባልም፤ ተወሰደ እንጂ፡፡ ስምህን በካርቶን ጽፎ የሚጠብቅህ ሰው አለ፣ መኪና አለ፣ ሆቴል ድረስ የሚሸኝህ አለ፡፡ ብቻዬን የወጣሁት በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) ነው፡፡ ለአጭር የሕግ ሥልጠና ወደ ኔዘርላንድስ፣ ወደ ሔግ ከተማ ተጠራሁ፡፡ ሥልጠናው የሚጀምረው ሰኞ ሲሆን እኔ የምደርሰው ቅዳሜ ነው፡፡ አዘጋጆቹ «ከአየር ማረፊያ የሚቀበልዎ ሰው አይኖርም፤ መንገዱ ግን ቀላል ነው» ብለው ጻፉልኝ፡፡ ፈረንጅ መንገዱ ቀላል ነው ሲል ለራሱ ማለቱ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው፡፡

አንድ ሌላ ጉዳይም ነበረኝ፡፡ ታላቅ እህቴን ልሰናበት ሄጄ ሔግ ወደሚባል ከተማ እንደምሄድ ስነግራት ስኒውን አስቀመጠችና «ባድመን የፈረዱባት ከተማ አይደለችም?» አለችኝ፡፡ ናት አልኳት፡፡ የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ በየካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመ ግንባር ቀርቷል፡፡ ስለ እሱ ብዙ አናወራም፡፡ «እንግዲያው ያን ቤት እየው፡፡ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፤ እንዴት ያለ ቤት እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ» አለች፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ተወስኖ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት፡፡

አውሮፕላን የምቀይረው ፍራንክፈርት ነበር፡፡ እዚህ ላይ የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ላስረዳ፡፡ ብዙዎቻችን ቪዛው ፓስፖርታችን ላይ ከተለጠፈ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል፤ አላለቀም፡፡ የሸንገን ቪዛ የመግባት መብት አይሰጥም፤ ድንበር ድረስ ሄደህ ልግባ ብለህ እንድትጠይቅ የሚያስችል ወረቀት ነው፡፡ የድንበር ፖሊሱ የመጣህበትን ምክንያት፣ የምታርፍበትን ቦታ፣ የምትተዳደርበትን ገንዘብና የመመለሻ ትኬትህን የመጠየቅ ሙሉ ሥልጣን አለው፡፡ ካልተጠገበ ቪዛው እያለም ሊመልስህ ይችላል፡፡ ሁለተኛ፣ ይህን ሁሉ የሚጠይቅህ የምትሄድበት አገር ፖሊስ ሳይሆን መጀመሪያ የረገጥከው የሸንገን አገር ፖሊስ ነው፡፡ እኔን የመረመረኝ ጀርመናዊ ነበር፤ አምስተርዳም ስደርስ ማንም ፓስፖርት አላለኝም፡፡ ከፊቴ ተሰልፎ የነበረ ጎልማሳ የጥሪ ደብዳቤው በጭነት በገባው ሻንጣ ውስጥ መሆኑን ሲናገር ወደ ጎን ቁም ተባለ፡፡ የት እንደደረሰ አላውቅም፡፡ ስለዚህ የጥሪ ደብዳቤ፣ የሆቴል ማረጋገጫ፣ የጉዞ መድን ወረቀትና የመመለሻ ትኬት በእጅ በሚያዝ ቦርሳ፣ ያውም ከላይ፡፡

የአምስተርዳም አየር ማረፊያ ስኪፖል የተሠራው ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ ሦስት ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፡፡ ቦታው ድሮ ሐይቅ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውኃውን በእንፋሎት ሞተር አስመጥጠው ነው መሬት ያደረጉት፡፡ ማታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍታ ተነስቼ ጠዋት ባሕር ወለል ላይ ቆሜ ቡና ጠጣሁ ማለት ነው፡፡ ቡናው የኛ ነው ብለው ጽፈውበታል፡፡ ጣዕሙ ግን አልመሰከረም፡፡

የባቡር ጣቢያው እዚያው ከአየር ማረፊያው ሥር ነው፤ ወደ ሔግ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፡፡ በዚያ አገር ሕዝቡ ባቡር፣ ትራምና አውቶቡስ ላይ የሚከፍለው ካርድ በማስነካት ነው፡፡ ሲገቡ ያስነካሉ፣ ሲወጡም ያስነካሉ፡፡ ሲወጡ ማስነካት ከረሱ ማሽኑ የት እንደወረዱ ስለማያውቅ ከሄዱበት በላይ ያስከፍላል፡፡ በእኔ ኪስ ያለው ግን ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነበር፡፡ መስኮት ፈልጌ፣ ተሰልፌ፣ በዩሮ የወረቀት ትኬት ቆረጥኩ፤ እሱንም እንደ ካርድ ያስነካሉ፡፡ ከኛ አገር ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ቀን ትልቁ ችግር ቋንቋ አይደለም፤ እንግሊዝኛ የማይችል ሆላንዳዊ ለማግኘት መልፋት ያስፈልጋል፡፡ ችግሩ ጥሬ ገንዘብ ነው፡፡ ትራም ላይ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የለም፡፡ ብዙ ሱቆች በራቸው ላይ «ካርድ ብቻ» ብለው ለጥፈዋል፡፡ ገንዘቡ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ሆኖ ሳለ እንዴት እምቢ ይባላል ብዬ እንደ ሕግ ሰው ተቆጥቼ ነበር፤ አስቀድሞ በግልጽ እስካስታወቀ ድረስ ነጋዴው እምቢ ማለት ይችላል አሉኝ፡፡ ውሉ የሚጀምረው ከማስታወቂያው ነው፤ ክርክሬን አነሳሁ፡፡

ሆቴሌ የደረስኩት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፡፡ ክፍሌ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት አይከፈትም፡፡ የሌሊት ጉዞ ለተጓዘ ሰው ይህ ከባድ ዜና ነው፡፡ አልጋ እያለምኩ መጥቼ ሻንጣዬን ለእንግዳ ተቀባይዋ አስረክቤ ወደ መንገድ ወጣሁ፡፡ የሰዓቱን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ለሰው ሁሉ ቀጠሮ ስትሰጡ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በእነሱ ሁለቴ አስቡ፡፡ እኔ ለሥልጠናው አዘጋጅ «በ3 ሰዓት እደርሳለሁ» ብዬ ጽፌ ነበርና ሰውዬው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መስሎት ተጨንቆ መልሶ ጽፎልኛል፡፡

ፓስፖርቱን ምን እናድርገው? አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ሁሉ «ሆቴል ተወው፣ ሌባ አለ» ብለው መክረውኝ ነበር፡፡ በቅንነት ነው፤ ነገር ግን በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2005 ጀምሮ ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ፖሊስ በሕግ ምክንያት ሲጠይቀው መታወቂያ የማሳየት ግዴታ አለበት፡፡ ለእንግዳ መታወቂያው ፓስፖርቱ ነው፤ ካላሳየ ይቀጣል፡፡ ፎቶ ኮፒ አይበቃም፡፡ ስለዚህ ፓስፖርቱን በውስጥ ኪሴ፣ ኮፒውን በሻንጣዬ አደረግኩ፡፡ የብዙ ሰው ምክር ከዚህ ተቃራኒ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሌባ ከመፍራት ሕግ ማክበር ይቀላል እላለሁ፡፡

ከሆቴሉ በወጣሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ልገጭ ነበር፡፡ በመኪና አይደለም፡፡ የእግረኛው መንገድ አጠገብ ቀላ ያለ፣ ለስላሳ፣ ሰፊ መንገድ አየሁና ለእግረኛ ያሰቡ መስሎኝ በመሀሉ ስንሸራሸር ከኋላዬ ደወል ተንጫረረ፡፡ ዘወር ስል አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ እናት ብስክሌታቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እየበረሩ መጡ፡፡ ዘልዬ ዳነሁ፡፡ እሳቸው ምንም አላሉኝም፤ አስተያየታቸው ግን በቂ ነበር፡፡ ያ ቀይ መንገድ የብስክሌት ነው፡፡ በዚያች አገር ከሰው ይልቅ ብስክሌት ይበዛል፤ ሕዝቡ ከ17 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ብስክሌቱ ግን 23 ሚሊዮን ገደማ ነው ይባላል፡፡ መኪና ያቆምልሃል፤ ብስክሌት አያቆምልህም፡፡

ሔግ የመንግሥት መቀመጫ እንጂ ዋና ከተማ አይደለችም፤ በሕገ መንግሥታቸው ዋና ከተማቸው አምስተርዳም ናት፡፡ ፓርላማው፣ ሚኒስቴሮቹ፣ ኤምባሲዎቹና ንጉሡ የሚሠሩበት ቤተ መንግሥት ግን ያለው ሔግ ነው፡፡ ቢነንሆፍ የሚባለውን የጥንት የፓርላማ ግቢ አየሁት፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቶ ስለነበር ያየሁት ኩሬውንና ክሬኖቹን ነው፡፡ የፓርላማ እድሳት ክሬን ብርቄ አይደለምና አለፍኩት፡፡

የምፈልገው የሰላም ቤተ መንግሥት የሚባለውን ሕንፃ ነው፡፡ ከከተማው መሀል በሰሜን ምዕራብ በኩል እንዳለ ከመነሳቴ በፊት ካርታ ላይ አይቻለሁ፤ 1 ቁጥር ትራም በበሩ እንደሚያልፍም አውቃለሁ፡፡ ከጣቢያው በጥሬ ገንዘብ የሙሉ ቀን ትኬት ገዝቻለሁ፡፡ የቀረኝ ትራሙን ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደምሳፈር ማወቅ ብቻ ነው፡፡ ስልክህ ካርታ የለውም ወይ ትሉኝ ይሆናል፡፡ ሌሊቱን ሙሉ ጋዜጣ ሳነብበት አድሬ ባትሪው አልቋል፡፡

ያደግሁት ጎጃም ገጠር ነው፡፡ ከብት ስጠብቅ ያደግሁ ሰው አቅጣጫ አይጠፋብኝም ብዬ እኩራራለሁ፡፡ በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን እንደምታዘነብል አውቃለሁ፤ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፡፡ ሰዓቴን ባየው በእኛ 6 ሰዓት አልፏል፡፡ ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየሁና «ይኸው ሰሜን» ብዬ ወደ እሷ የሚሄደውን ትራም ተሳፈርኩ፡፡

ስህተቴን ያስረዳኝ በኋላ ያገኘሁት አንድ የሥልጠናው ባልደረባ ነው፤ ለሌላው ተጓዥ ይጠቅማልና ልንገራችሁ፡፡ ፀሐይ በሰኔ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 23 ዲግሪ ተኩል ድረስ ትወጣለች፡፡ የእኛ አገር ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በዚያ ወር ፀሐይዋ አልፋን ትሄዳለች፤ በእኩለ ቀን ከበላያችን አልፋ በሰሜን ትታያለች፡፡ ሔግ ግን 52 ዲግሪ ላይ ናት፡፡ ፀሐይ እዚያ ድረስ አትደርስም፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በእኩለ ቀን የምትታየው በደቡብ ነው፡፡ በዚያ ላይ በበጋ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉት እውነተኛው እኩለ ቀን የሚመጣው ሰዓታቸው ከ12 አልፎ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ዘግይቶ ነው፡፡ እኔ ሰሜን ያልኩት እንግዲህ ደቡብ ምሥራቅ ነበር፡፡ የእረኝነት ዕውቀቴ እዚያው የተማርኩበት አገር ላይ ብቻ የሚሠራ መሆኑን በሃምሳ ምናምን ዓመቴ ተረዳሁ፡፡

ትራሙ ሄደ፣ ሄደ፡፡ ቤቶቹ ዝቅ እያሉ መጡ፡፡ በግራ በኩል የውኃ ቦይ፣ ቦዩ ላይ ጀልባ፡፡ የሰላም ቤተ መንግሥት የሚያህል ሕንፃ የሚደበቅበት ቦታ አይመስልም፡፡ ግማሽ ሰዓት ሊሆን ሲል አጠገቤ የተቀመጡትን ባልና ሚስት ጠየቅኩ፡፡ ሴትዮዋ በጣም አዘኑልኝ፡፡ «እሱ በሌላው አቅጣጫ ነው፤ ይሄ ዴልፍት ነው» አሉኝ፡፡ የ1 ቁጥር ትራም አንዱ ጫፍ ባሕሩ ዳር ስኸቨኒንገን፣ ሌላው ጫፍ ዴልፍት የሚባል ሌላ ከተማ ነው፡፡ እኔ ከነትኬቴ ከነኩራቴ ሌላ ከተማ ገብቻለሁ፡፡

ሰው ሲጠፋበት ልቡ እንዴት እንደሚሆን የጠፋበት ያውቀዋል፡፡ ስልክ የለም፣ የማውቀው ሰው የለም፣ የሆቴሌ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ሻንጣ ውስጥ ነው (ይህን ነው አደራ የምላችሁ፤ የሆቴሉን ስምና መንገድ በእጃችሁ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ)፡፡ ወረድኩና ትንሽ ልረጋጋ ብዬ ሰው ወደሚበዛበት አቅጣጫ ስራመድ አንድ ሰፊ አደባባይ ላይ ወጣሁ፡፡ ፊት ለፊቴ ረጅም የደወል ማማ ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ከፊቱ ደግሞ ካባ የለበሰ ሰው ሐውልት ቆሟል፡፡ ጠጋ ብዬ ስሙን ሳነብ ሁጎ ግሮሺየስ!

ሕግ የተማረ አንባቢ ይህን ስም ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፡፡ በመጀመሪያው ዓመት የዓለም አቀፍ ሕግ ትምህርታችን መምህራችን ሰሌዳው ላይ የጻፉት የመጀመሪያ ስም ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1583 እዚያው ዴልፍት ተወለደ፤ በ11 ዓመቱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገባ፡፡ በ1609 ባሕር የማንም የግል ርስት አይደለም የሚል መጽሐፍ አሳተመ፡፡ ኋላ በሃይማኖትና በፖለቲካ ጠብ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ሉቨስታይን በሚባል ምሽግ ታሰረ፡፡ መጽሐፍ እንዲገባለት ተፈቅዶለት ነበርና መጽሐፉ በትልቅ ሣጥን ይገባል፣ ይወጣል፡፡ ጠባቂዎቹ ሣጥኑን መፈተሽ ሲሰለቻቸው ሚስቱ ማሪያ በ1621 እሱን ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው፡፡ ወታደሮቹ ራሳቸው ተሸክመው አወጡት! ፓሪስ ገባና በ1625 ስለ ጦርነትና ሰላም ሕግ የጻፈው መጽሐፍ የዓለም አቀፍ ሕግ አባት አስባለው፡፡ ሣጥኑ የኔ ጋ ነው የሚሉ ከአንድ በላይ ሙዚየሞች አሉ፡፡ የግሮሺየስ ሣጥን ነውና ጉዳዩን በሰላም እንደያዙት እገምታለሁ፡፡ አጥንቱ ከሐውልቱ ጀርባ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፡፡

ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሙን ስጠራው የኖርኩትን ሰው ሳልፈልገው፣ በስህተት ትራም ሄጄ አገኘሁት፡፡ ሐውልቱ ሥር ተቀምጬ ድካሜ ሲወጣልኝ ራበኝ፡፡ አደባባዩ ጥግ ዓሣ የሚሸጥበት ጋሪ አለ፡፡ ሰዉ ሔሪንግ የሚባል ትንሽ ዓሣ ጅራቱን ይዞ፣ ቀና ብሎ፣ በሽንኩርት ይውጠዋል፡፡ በጨው ይታሽ እንጂ እሳት አልነካውም፡፡ ሰውዬው ጥሬ ገንዘቤን ስለተቀበለኝ ብቻ እሱን ገዛሁ፡፡ ቁርጥ በአዋዜ ሳያቅማማ የሚበላ ሕዝብ ልጅ ጥሬ ዓሣ ሲይዝ እጁ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ሊቃውንት ያጥኑት፡፡ በላሁት፤ ደግሞም ወደድኩት፡፡

ወደ ፌርማታው ተመልሼ የትኛው ጎን ላይ ልቁም እያልኩ ስዞር ከኋላዬ «ይቅርታ አባቴ፣ ሐበሻ ነዎት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ፡፡ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ቀጭን ልጅ ነው፤ የሥራ ጫማ አድርጓል፡፡ አማርኛው የትግርኛ ለዛ አለው፡፡ ኤርትራዊ ነው፡፡ በከተማው ዙሪያ ባሉት ግሪን ሃውሶች ቲማቲም እንደሚለቅም፣ ሁለት ዓመት ትግራይ ማይ ዓይኒ መጠለያ፣ ከዚያም አዲስ አበባ እንደኖረ፣ አማርኛውን ያወቀው እዚያ እንደሆነ ነገረኝ፡፡ የእኔንም ታሪክ ሰማና ሳቀ፡፡ «እኔ የመጀመሪያ ቀን የሄድኩት ከዚህ የባሰ ሩቅ ነበር» አለኝ፡፡ እሱም ወደ ሔግ እየሄደ ስለነበር አብረን ተሳፈርን፡፡ አገሩ የት እንደሆነ ስጠይቀው «ሻምብቆ» አለ፤ ቀጥሎም «አያውቁትም» አለኝ፡፡ ሻምብቆን ግን አውቀዋለሁ፡፡ ለባድመ ቅርብ ነው፡፡ አውቀዋለሁ ማለት ግን አልቻልኩም፡፡

የሰላም ቤተ መንግሥት ስንደርስ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሆኖ የጎብኚዎቹ ማዕከል ተዘግቷል፡፡ ከብረት አጥሩ ውጪ ነው የቆምነው፡፡ ባለ ትልቅ ሰዓት ማማ ያለው ቀይ የጡብ ሕንፃ ነው፤ ፍርድ ቤት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ይመስላል፡፡ የሠራው አሜሪካዊው የብረት ከበርቴ አንድሩ ካርኔጊ በሰጠው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፡፡ የብረት በሩ ከጀርመን፣ የማማው ሰዓት ከስዊዘርላንድ፣ የግቢው ፏፏቴ ከዴንማርክ የተሰጡ ናቸው፡፡ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በኦገስት 28 ቀን 1913 ነው፡፡ ዓመት ሳይሞላው በሩን የሰጠችው አገርና ሌሎቹ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ጀመሩ፡፡

አንባቢ የሚያምታታውን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልለይ፡፡ ጋዜጦቻችን «የሔግ ፍርድ ቤት» ሲሉ ሦስት የተለያዩ ተቋማትን ነው፡፡ ሰዎችን በጦር ወንጀልና በዘር ማጥፋት የሚከሰው የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እዚህ ግቢ ውስጥ የለም፤ ከተማው ዳር፣ ከአሸዋ ኮረብታዎቹ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የራሱ ሕንፃ አለው፤ ኢትዮጵያም የሱ አባል አይደለችም፡፡ በዚህ ግቢ ያሉት መንግሥት ከመንግሥት የሚካሰስበት የተባበሩት መንግሥታት ፍርድ ቤትና በ1899 የተመሠረተው ቋሚው የግልግል ፍርድ ቤት ናቸው፡፡

ኢትዮጵያ በሁለቱም በር ገብታለች፡፡ በኖቬምበር 1960 ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን ከሰሰች፡፡ ጉዳዩ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማለትም የዛሬዋ ናሚቢያ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ በአደራ የተሰጣትን አገር በአፓርታይድ እየገዛች ነው የሚል፡፡ የመክሰስ መብት የነበራቸው የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ስለነበሩ ሌሎቹ አፍሪካውያን ክሱን እኛን ወክለው ነበር፡፡ ስድስት ዓመት ከተሟገቱ በኋላ በጁላይ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፡፡ ፕሬዚዳንቱ አውስትራሊያዊው ሰር ፐርሲ ስፔንደር ወሳኝ ድምፃቸውን ሰጡና ከሳሾቹ በጉዳዩ የሕግ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ክሱ ወደቀ፡፡ በሕግ ትምህርት ቤት መምህራችን ይህን ሲያስተምሩን ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፡፡ ፍርዱ ግን ያስነሳው ቁጣ በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አደራውን እንዲሽር ምክንያት ሆነ፤ ያው ፍርድ ቤት ራሱ በ1971 የደቡብ አፍሪካ ቆይታ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ናሚቢያ በ1990 ነፃ ወጣች፡፡ የተሸነፍንበትን ክስ እንደ ከንቱ ድካም የሚቆጥሩ ወዳጆች አሉኝ፤ አልስማማም፡፡

ሁለተኛው የእህቴ ጉዳይ ነው፡፡ በዲሴምበር 2000 በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ጽሕፈት ቤቱ ይሄው የግልግል ፍርድ ቤት ነበር፡፡ በኤፕሪል 13 ቀን 2002 ውሳኔው ሲወጣ በአዲስ አበባም በአስመራም አሸነፍን ተባለ፡፡ እኔ ቢሮዬ ሆኜ ውሳኔውን ገጽ በገጽ ሳገላብጥ ባድመ የሚል ስም መስመሩ ላይ ፈልጌ አጣሁ፤ ያለው የመጋጠሚያ ነጥቦች ቁጥር ነበር፡፡ ቁጥሮቹን ካርታ ላይ ያስቀመጡ ሰዎች ባድመ በኤርትራ በኩል እንደወደቀች ሲናገሩ እህቴ ደውላ «እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፡፡ የምመልሰው አጣሁ፡፡ ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ነው ተብሎ ቢፈረምም ምልክቱ መሬት ላይ ሳይተከል ቀረ፤ መንግሥታችን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለው በጁን 2018 ነው፡፡ በሕግ ረገድ ስምምነት ከተፈረመ ውሳኔው ቢመርም ይከበራል፤ ያን ጊዜም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ለእህቴ ግን ብዬላት አላውቅም፡፡

ይህን ሁሉ አጥሩን ይዤ ሳስብ ልጁ «ምንድነው ይሄ ቤት?» አለኝ፡፡ በየቀኑ በትራም ያልፈዋል፤ ገብቶ አያውቅም፡፡ ፍርድ ቤት ነው አልኩት፡፡ ትንሽ ዝም አለና «የባድመው?» አለ፡፡ አዎ አልኩት፡፡ ሁለታችንም ሕንፃውን አየን፡፡ ለእህቴ ፎቶ መላክ እንዳለብኝ፣ ስልኬ ግን እንደሞተ ነገርኩት፡፡ ለምን ፎቶውን እንደፈለገች አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም፡፡ የራሱን ስልክ አወጣና «ትንሽ ወደ ግራ፤ ማማው እንዲገባ» እያለ ሦስት ጊዜ አነሳኝ፡፡ ቁጥሬን ተቀብሎ ላከልኝና የማታ ሥራ እንዳለበት ነግሮኝ በመጣው ትራም ሄደ፡፡ ከመሄዱ በፊት የሆቴሌን ስም ጠይቆ በሲጋራ ወረቀት ላይ መንገዱን ሥሎልኛል፡፡

ሆቴሌ ገብቼ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ጋደም አልኩ፡፡ ስነቃ መስኮቱ ብርሃን ነው፡፡ ጊዜው ገና ነው ብዬ ሰዓቴን ብመለከት ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ነው! በሰኔ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በዚያ ሰዓት ነው፡፡ እራት የሚበላበት ቤት ሁሉ ሊዘጋ ነው፤ ፀሐይን አይቶ የሚመገብ ሰው ጦሙን ያድራል፡፡ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ስለምትቀድም አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ እህቴ ተኝታ ይሆናል ብዬ ፎቶውን ብቻ ላኩላት፡፡ ወዲያው ደወለች፡፡

«ይሄ ነው?» አለች፡፡

«ይሄ ነው እትዬ፡፡»

«ትልቅ ቤት ነው፡፡» ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች፡፡ «ማን ነው ያነሳህ?»

«አንድ ኤርትራዊ ልጅ፡፡ መንገድ ጠፍቶኝ እሱ ነው ያደረሰኝ፡፡ የሻምብቆ ልጅ ነው፡፡»

«ዕድሜው ስንት ይሆናል?»

«ሃያ አምስት ቢሆነው ነው፡፡»

«እና ምን አበላኸው?»

ምንም አላበላሁትም አልኳት፡፡ ሥራ ነበረበት፣ ቸኩሎ ነበር፣ እኔም ገንዘቤን የሚቀበል ቤት አላገኘሁም እያልኩ ማስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ፡፡

«ዝም ብለህ ሸኘኸው?» አለችኝ፡፡ «ነገ ፈልገው፡፡»